«በፊት» ያልነበረው ፎቶ

የምጽፈው ሰው ፊት ቆሜ ማውራት ስለማልችል ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ነበርኩበት... በዓይኔ አይቻለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ አርፋለች።

የምሠራው ቤት የሚያድስ ድርጅት ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ፎቶ እያነሱ ኢንተርኔት ላይ ሁላችንም በምንጋራው ማኅደር ውስጥ ይጭናሉ። እኔ ደግሞ እየፈለግሁ አጣምራለሁ። ያረጀውን ክፍል «በፊት»፣ የታደሰውን «በኋላ» ብዬ። ሁለቱ ከተጣመሩ ሥራው አለቀ ማለት ነው፤ ይዘጋል።

ታላቅ እህቴ እዚያው ገንዘብ ያዥ ናት። እናትና አባታችን ካለፉ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም።

የዚያን ቀን ጥንድ የሌለው ፎቶ አገኘሁ።

«በኋላ» ይላል። «በፊት» የለውም።

የጫነው ሰው ስም... ባዶ።

ከፈትኩት። መታጠቢያ ቤት ነው። ነጩ ግድግዳ እስከ ላይ ደም በደም ሆኗል። የእጅ መታጠቢያው ተሰንጥቋል። ወለሉ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ፀጉር... ጥርስም አለ።

"ጋሽ ሚስማር..." አልኩ ቀስ ብዬ።

መዶሻቸውን ወገባቸው ላይ ሰክተው አጠገቤ የቆሙት ዋናው አናጢያችን ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ቅጥነታቸው ነው።

"ዛሬ ምን ተገኘ! የአንቺን ድምፅ ለመስማት እኮ ስለት ልሳል ነበር።"

"ይቺን ይዩልኝ..."

ጎንበስ አሉ። ሳቃቸው ጠፋ።

"ይሄ የኛ ሥራ አይደለም" አሉ በሹክሹክታ። "ጥንዱን ፈልጊው እስቲ።"

መፈለጊያው ላይ «ነጭ ግድግዳ፣ መታጠቢያ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ፎቶ መጣ። ገና አሁን የተጫነ።

ያው ክፍል ነው... ግን ንጹሕ።

እጄ ቀደመኝ። በየቀኑ እንደማደርገው ጎትቼ አጣመርኳቸው።

ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው። በንጹሑ ፎቶ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ እጇን የምትታጠብ ሴት አለች። ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። ጠዋት ከእኔ ቁም ሣጥን የወሰደችው ሹራብ።

ክፍሉ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው የራሳችን መታጠቢያ ቤት ነው።

ደወልኩላት።

"እታለም... ከዚያ ውጪ። አሁን!"

"ምን ሆንሽ ሚጡ? እጄ እርጥብ ነው..."

"ውጪ አልኩሽ!"

"ቆይ..." ድምፅዋ ወረደ። "አንድ ሰው... ፀጉሬን ይዞኛል።"

ጓ!

እየሮጥን ደረስን። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ጋሽ ሚስማር ቁልፉን በመዶሻ ሰበሩት።

እህቴ ብቻዋን ነበረች።

ብቻዋን... ግን ፀጉሯ ወደ ላይ ተወጥሮ፣ ራሷ ከእጅ መታጠቢያው ጋር ይላተማል። አንዴ። ደግሞ። ሸክላው ተሰነጠቀ። ግንባሯ ተተርትሮ ደሙ ዓይኗን ሸፈነው።

ጋሽ ሚስማር ከጀርባዋ ያለውን ባዶ አየር በመዶሻ መቱት።

መዶሻው አንድ ነገር አገኘ። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ።

"ውሰጃት!"

ብብቷ ሥር ገብቼ ጎተትኳት። ፀጉሯ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ቀረ።

"ጋሼ፣ ይውጡ!"

"ያዘኝ..." አሉ። "ልጄ... ያዘኝ።"

በሩ በራሱ ተጠረቀመ።

ከውስጥ ግድግዳው ይደበደብ ጀመር። ጋሽ ሚስማር ጮኹ። ጩኸታቸው መሃል ላይ ተቆረጠ።

ጥበቃው ደርሶ በሩን በትከሻው ገፋው። ግድግዳው እስከ ላይ ደም ነበር። ጋሽ ሚስማር ፎቶው በማያሳየው ጥግ ወድቀዋል። ደረታቸው ወደ መሬት ነው... ፊታቸው ግን ወደ ላይ።

ሌላ ማንም የለም።

እህቴ ኮሪደሩ ላይ ተደግፋኝ በኃይል ትተነፍሳለች።

"አለሁ ሚጡ" አለችኝ። "አለሁ... አታልቅሺ።"

አቀፍኳት። ተርፋለች።

ጥበቃው ግን እኛን አያይም። ቀና ብሎ ደርቆ ቀርቷል። እኔም ቀና አልኩ።

ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀምሮ፣ ነጩ ጣሪያ ላይ፣ የባዶ እግር የደም ዱካ አለ። እርጥብ ነው። አንዱን እግሩን እየጎተተ... ወደኛ መጥቷል።

ልክ ከእህቴ ራስ በላይ ሲደርስ፣ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ቆመዋል።