ማጥፊያውን የምትይዘው እሙሽ ናት

የዚያን እሑድ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቤይሩት ውስጥ ዶራ በሚባለው የዓሣ አጥማጆች ወደብ ዳር አራት ሰዎች ነበሩ፤ የጀልባው ባለቤት አቡ ኤሊ፣ ልጃቸው ጆርጅ፣ የዐሥራ አምስት ዓመቷ መቅደላዊትና የአክስቷ ልጅ እሙሽ። የጀልባውን ሞተር ከቆጠርነው አምስት ይሆናሉ። እሱ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ እግሩን ነክሮ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ እየሳለ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መቅደላዊት ካቻቢቴውን በላይኛው ካርቡራቶር ብሎን ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሞተሩ ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉለት ሁለት ካርቡራቶሮች አሉት። ሁለቱ ካልተስማሙ ዝግ ሲል ይጠፋል። አሠራሩን ያሳዩዋት አቡ ኤሊ ናቸው፤ ብሎኑን እስኪነካ ድረስ በቀስታ ማጥበቅ፣ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ማላላት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ትክክለኛውን ቦታ በጥቂት በጥቂቱ መፈለግ። ከመጠን በላይ ካጠበቁት ነዳጅ ያንሰውና ያነጥሳል። ከመጠን በላይ ካላሉት ነዳጅ ይበዛበትና በጭስ ይታፈናል። የአቡ ኤሊ እጆች ካለፈው ክረምት ጀምሮ ስለሚንቀጠቀጡ ብሎን ላይ አይረጉም፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ስለዚህ እሳቸው ያዳምጣሉ፣ እሷ ታዞራለች።

መቅደላዊት የተወለደችው እዚሁ ቤይሩት ነው። ወረቀት ስለሌላት ግን የጠየቀቻቸው ሁለት የሙያ ትምህርት ቤቶች አልተቀበሏትም። መሣሪያ በእጇ የሰጧት እኚህ ሰው ብቻ ናቸው። አሁን ጆርጅ ለሞተሩ የቀረችው ቀን ዛሬ ብቻ እንደሆነች ለአባቱ ነግሯቸዋል። ሞተሩ ዝግ ብሎ ዐሥር ደቂቃ ካልሠራ፣ ነገ ጠዋት የቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢው ይወስደዋል። ጆርጅ አዲስ ሞተር ይፈልጋል፤ አዲስ ሞተር ደግሞ የመቅደላዊትን እጅ አይፈልግም።

የሞተሩ ማጥፊያ ከተሰበረ ቆይቷል። አቡ ኤሊ በረዥም ሽቦ ሌላ አበጅተውለታል፤ እሱን የያዘችው እሙሽ ናት። እሙሽ ከቡሬ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ሲን ኤል ፊል በሚባል ሰፈር ማዳሟ ቤት እየኖረች ትሠራለች፤ እሑድ ከሰዓት ትለቃታለች። ዐረብኛዋ ገና ከወጥ ቤት አልወጣም።

ላይኛው ካርቡራቶር ተስተካከለ። መቅደላዊት ወደ ታችኛው ጎንበስ ስትል፣ ከሞተሩ ጀርባ እንደ ክር ይወርድ የነበረው ውሃ ቆመ። ያ ውሃ ቆመ ማለት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም ማለት ነው። መጀመሪያ ያዩት አቡ ኤሊ ናቸው። ወደ እሙሽ ዞረው ጮኹ፦

«ጠፊ! ጠፊ!»

እሙሽ አየቻቸው። ፊቷ ቀላ። ማጥፊያውን የዓሣ ሣጥን ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ ሄደች።

መቅደላዊት በርሜሉን ዞራ፣ የተቆለለውን መረብ ዘላ፣ ማጥፊያውን እስክታገኘው ድረስ ሞተሩ የተቃጠለ ቀለም መሽተት ጀምሮ ነበር። ተጫነችው። ጸጥ አለ።

ጆርጅ ለመናደድ አልቸኮለም፤ የጠበቀው ነገር ስለሆነ ደስ ያለው ይመስላል። አንዷ ልጅ፣ አንዷ የማትሰማ፣ ኸላስ፣ ሞተሩ አልቆለታል ብሎ ብረት ሰብሳቢው ጋ ሊደውል ስልኩን አወጣ። መቅደላዊት መልስ ሳትሰጠው ወደ ወደቡ በር ሮጠች። እሙሽ ግንቡን ተደግፋ ዓይኖቿን ትጠርጋለች።

«ምን ሆነሽ ነው እሙዬ?»

«ጥፊ አሉኝ እኮ። ጠፋሁላቸው።»

መቅደላዊት ቃሉን በከንፈሯ ደገመችው።

«ማዳሜ እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም» አለች እሙሽ። «ፊቷ እንደ ሎሚ ቢኮመጥጥም በፈረንሳይኛ እባክሽ፣ ሲል ቩ ፕሌ ትላለች።»

መቅደላዊት ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ሳቋ አመለጣት። በዐረብኛ «ጠፊ» ማለት አጥፊው ማለት እንደሆነ፣ ያሉትም ሞተሩን እንደሆነ ነገረቻት። እሙሽ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ በሞትኩት» አለች። ተመለሺ ብትባል ግን አፍራ ከበሩ አላለፈችም።

መቅደላዊት ብቻዋን ተመለሰች። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ የማስነሻውን ገመድ በቀስታ ሳበችው፤ ሞተሩ ሳያንገራግር ዞረ። አልተጎዳም ማለት ነው። እጇን በርሜሉ ውስጥ ከታ ውሃ መሳቢያው ላይ የተለጠፈ ጥቁር ፌስታል አወጣች፣ ከጆርጅ እግር አጠገብ ጣለችው።

ጆርጅ ፌስታሉን አየ፣ አባቱን አየ። ይሁን፣ ይሞከር፣ አለ። ግን ያቺኛዋ ከበሩ ውጭ ትቆይ፤ ማጥፊያውን እሱ ራሱ ይይዛል።

ሥራው እንዲቀጥል አንድ «እሺ» ብቻ ነበር የቀረው። እናቷ ብትኖር እሺ በይ፣ አንገትሽን ድፊ፣ ያልፋል ትላት ነበር። እሙሽም ከሩቅ በእጇ ተይኝ፣ ቀጥዪ እያለቻት ነው። ሞተሩ ደርሷል፤ ታችኛው ብሎን ብቻ ቀርቷል።

መቅደላዊት ካቻቢቴውን ኪሷ ከተተችው።

«ማጥፊያውን የምትይዘው እሙሽ ናት።»

«ያልተረዳችውን ቃል እኔ ላስተምራት?» አለ ጆርጅ። «የማትሰማ ሰው ሞተር አጠገብ አትቆምም።»

«ሰምታለች። በእኛ ቋንቋ ያ ቃል ከዚህ ጥፊ ማለት ነው። ጥፊ ተባለች፣ ጠፋች። ጀልባህ ላይ ካሉት ወንዶች እንደሷ ቶሎ የሚታዘዝህ አለ?»

አቡ ኤሊ ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ አልተሳካላቸውም። መቅደላዊት ግን አልሳቀችም። ቃላቱን አሳጠረቻቸው።

«እሷ ካልያዘች እኔም አልነካውም።»

ሽማግሌው ወደ መቅደላዊት ዞሩ። ከዚያ ልጃቸውን ሳይሆን እሷን ጠየቋት። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ጠፊ በእናንተ ቋንቋ እንዴት ነው የሚባለው?»

«አጥፊ።»

«ጠፊ።»

«አይደለም አሞ» አለች፣ በዐረብኛ አጎቴ ለማለት። «መጀመሪያው ላይ አ አለ። እሱን ከተዉት ትሄድብናለች።»

«አ... ጠፊ። አጥፊ።»

ሦስት ጊዜ አሉት። ጆርጅ በዚህ ዕድሜ ሐበሽኛ ምን ያደርጋል አለ። አባቱ የበርሜሉን ውሃ እንዲቀይር አዘዙት። መቅደላዊት በሩ ድረስ ሄዳ እሙሽን በእጇ ይዛ አመጣቻት።

ሞተሩ ተነሣ። ከጀርባው ውሃው እንደገና ወረደ። ታችኛውን ብሎን በትንሹ አጠበቀችው፣ አነጠሰ። አላላችው፣ ጠበቀች፣ ደግማ በጣም በጥቂቱ አላላችው። አቡ ኤሊ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን አነሡ፦ እዚያ ላይ። እጇን አነሣች።

ዝግ ብሎ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሠራ። አቡ ኤሊ ቃሉን አሉ፣ እሙሽ ተጫነችው፣ ቆመ። ሰኞ ጠዋት ብረት ሰብሳቢው መጥቶ በሞተሩ ፋንታ አንድ የዛገ መልሕቅ ይዞ ሄደ።