የዓርብ ወተት

ሙላው የሞተው አፉ እንደታሰረ ነው። ከአንድ ወር በፊት መንጋጋው ተሰብሮ፣ ምላሱ ተሰንጥቆ አሶሳ ጤና ጣቢያ ሲገባ ዕድሉ ቀንቶት ከአዲስ አበባ የመጣ የፊትና የመንጋጋ ሐኪም በዚያ ሰሞን እዚያው ነበር። ሐኪሙ ምላሱን ሰፋለት፤ የላይና የታች ጥርሱን ደግሞ በቀጭን ሽቦ አጠላልፎ አሰረና «አጥንቱ እስኪገጥም አይፈታም» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው በወለቀ ጥርሱ ክፍተት በምትገባ ቀጭን ቱቦ ፈሳሽ እየሳበ ሰነበተ። ሽቦው ሰኞ ሊፈታለት ነበር። ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትውከት አንቆት ሞቶ ተገኘ።

የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ዳበሳ ሲደርስ የሙላው የሰፈራ መንደር ሰዎች ዱላቸውን ይዘው በሩን ከበዋል። ውስጥ ነርስ ዐዋጢፍ እጇ በካቴና ታስሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ክልሉ ከተመሠረተ ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ ከአገሬው የበርታ ልጆች ነርስነት ተምራ ወደዚያ ጤና ጣቢያ የተመለሰችው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል» አለ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አብይ። «አንተ ፈርም ብቻ። ከሕዝቡ ጋር አታጣላን።»

«ምን አደረገች ብዬ ልፈርም?»

አብይ ከአልጋው ራስጌ የተንጠለጠለ ባዶ ሲባጎ አሳየው። «እዚህ ላይ የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ታስሮ ነበር። በሽተኛው ካስመለሰው ሽቦውን ወዲያው መቁረጥ ነው፤ አለዚያ ይታፈናል። ፒንሳው የተገኘው በእሷ ጋውን ኪስ ውስጥ ነው። ደግሞ እሷ በርታ፣ እሱ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«እኔም የወንበራ ሺናሻ ነኝ» አለ ዳበሳ። «ነገ አንተን የገደለህ ሰው ቢጠፋ እኔን ሊያስሩኝ ነው?»

ዳበሳ እንዲህ ነው፤ ምላሱ ይናከሳል፣ እጁ ግን አይቸኩልም። ወደ ዐዋጢፍ ዞረ።

«ፒንሳውን ማን ማን ያውቀዋል?»

«ሁሉም። ለሚስቱ አሳየሁ፣ ለሚስቱ ወንድም አሳየሁ። እኔ ከሌለሁ እናንተ ቁረጡ አልኩ።»

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ቁስል ማጠቢያ። አንድ ሴትዮ ፊቱ ተቃጥሎ መጣ። ጋውኔን በር ላይ ሰቀልኩ፣ የላስቲክ ሽርጥ ለበስኩ። ስመለስ መስኪን ሙላው…» በታሰሩ እጆቿ ፊቷን ጠረገች። «ወላሂ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ወር ሙሉ በእጄ ነው ያበላሁት።»

ዳበሳ ሬሳው ላይ አጎነበሰ። ትራሱ ላይ ነጭ የረጋ ነገር አለ፤ ጠርዙ አረፋ ነው። አሸተተው። አንዱ ሽታ የወተት ነው። ሌላውን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ እናቱ ወንዝ ወርደው ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድ ነው። ከግርጌ የተሰቀለውን ወረቀት አነሳ። በዐዋጢፍ ጽሑፍ የየቀኑ ምግብ ተመዝግቧል፤ «ረቡዕና ዓርብ ወተት እንቢ አለ፣ አጥሚት በውሃ» ይላል፣ በየሳምንቱ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

የሟች ሚስት እየሩስ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እንባዋ ደርቋል።

«ዛሬ ምን ላክሽለት?»

«አጥሚት» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

«በምን የተሠራ?»

«በውሃ ነዋ… ዓርብ አይደል?» የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«ማን አመጣው?»

«ወንድሜ፣ አንለይ።»

አንለይ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ አነጋገሩ የታረመ ገበሬ ነው። «በሩ ላይ ለነርሷ ሰጥቼ ተመለስኩ። አልገባሁም» አለ።

«አልተቀበልኩም!» አለች ዐዋጢፍ ከአግዳሚው።

«ከሙላው ጋር እንዴት ነበራችሁ?» አለ ዳበሳ።

«አልዋሽህም፣ አስቀይሞኝ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ወሎ እንመለስ አለ። እኔ ደግሞ ከእህቴ በቀር ሰው የለኝም፤ እናት አባታችንን ወባ እዚሁ ነው የቀበረብን። ግን ይህ ሰው አያጋድልም።»

«መንጋጋውን ማን የሰበረው ይመስልሃል?»

«የእነሱ፣ የበርታዎቹ ጎረምሶች ይሆናሉ። ሰኞ ራሱ ይነግረን ነበር።»

አስር ሰዓት ተኩል ላይ የሟች ንስሐ አባት ቄስ ደባልቄ መጡ። ዳበሳ ማንጎው ሥር ወስዶ ሁለት ጥያቄ ጠየቃቸው። ሲመልሱለት መስቀላቸውን ጨብጠው ዓይናቸው ውሃ ሞላ። በዚህ መሀል መኪናው መጣ። ውጭ ያለው ሰው «አውጧት» ማለት ጀመረ። ዐዋጢፍ ቀና ብላ ዳበሳን አየችው።

ዳበሳ ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰባቸው፤ በሩንም ዘጋው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ። «ጥርሱ የታሰረ ሰው በግድ አይጋትም። ቱቦዋን ራሱ ካልሳበ ጠብታ አይገባም። ስለዚህ ሙላው የገደለውን ነገር ወዶ ነው የጠጣው። የጠጣው ደግሞ ወተት ነው፤ ወተቱ ውስጥ እንዶድ አለ። እንዶድ ሆድ ገብቶ ያስመልሳል፤ አረፋም ያወጣል፤ ውሃ አጥሚት ላይ ይታያል፣ የታለበ ወተት ላይ ግን ማን ይጠረጥረዋል?»

«ይኸው!» አለ አብይ። «ዓርብ ወተት የሚሰጥ ጾሙን የማያውቅ ሰው ነው።»

«እሷማ ከሁላችን አብልጣ ታውቀዋለች።» ወረቀቱን ዘረጋው። «አንድ ወር ሙሉ እንቢ ሲላት ስትጽፍ ከርማለች። እሷ ብትሰጠው አይጠጣም ነበር። ደግሞስ ገዳይ ፒንሳውን ጉድጓድ ይጥለዋል እንጂ ኪሱ ከትቶ ፖሊስ ይጠብቃል? ፒንሳውን እዚያ የከተተው ጋውኑ ተሰቅሎ ያገኘ ሰው ነው።»

«ታዲያ በማን ቃል ጠጣ?» አለ አብይ።

«ጾሙን ሊፈታለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። ቄስ ደባልቄ፣ ፈቅደውለታል?»

«አልፈቀድኩም» አሉ ቄሱ። «ሐሙስ ሰው መጥቶ ጠየቀኝ። ራሴ ሄጄ ሳላየው በመልእክተኛ አልፈታም አልኩት። ዛሬ የመጣሁት ለዚያው ነበር።»

እየሩስ ከግድግዳው ተላቀቀች።

«አልፈቀዱም? አባታችን፣ አልፈቀዱም?»

«አልፈቀድኩም፣ ልጄ።»

«ወተቱን ያለብኩት እኔ ነኝ» አለች። «አጥሚት ነው ያልኩት ጾም አስገደፈችው እንዳልባል ፈርቼ ነው። ቄሱ ፈቅደዋል ብለህ እኮ ነው ያሳለብከኝ፣ አንለይ!»

«ሐሙስ የመጣው እሱ ነው» አሉ ቄሱ። አንለይ አልጋውን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ የእህቱን ፊት ማየት አቅቶት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ልትሄጂብኝ ነበር» አለ። «መንገድ ላይ ጠብቄ በመጥረቢያ እጀታ መታሁት። ልገድለው አልነበረም። ሰኞ አፉ ሊፈታ ነው፣ ሽማግሌም ተጠርቷል ሲሉኝ… እስር ቤት ገብቼ አንቺም ስትጠዪኝ ታየኝ። ነርሷ ዞር እስክትል ጠበቅኩ።»

ዳበሳ ገና አልጨረሰም። «አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል» አለ። «የመታው ማን እንደሆነ ሙላው ያውቃል። ታዲያ ከዚያው ሰው እጅ እንዴት ተቀብሎ ጠጣ?»

የመለሰችለት ዐዋጢፍ ናት።

«ማን መታህ ስለው ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።» የታሰሩ እጆቿን ከፍ አድርጋ ወደ መሬት ጣለቻቸው። «ወደቅሁ ማለት ነው። አልወደቅክም እለዋለሁ፣ ወደቅሁ ይለኛል። ባለፈው እሁድ በእጁ ምልክት ቄሱን አሳየኝ፣ የሱን ወንድም አሳየኝ» እየሩስን በአገጯ ጠቆመች፣ «ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ይቅር አልኩት ማለት ነው። ለሰኞ ሽማግሌ የጠራሁለት እኔ ነኝ። ለእርቅ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም በሽተኛ የነገረኝን አላወራም።»

«እውነት ነው» አሉ ቄሱ። «እርቅ ነው ብላ ልካብኛለች። ከማን ጋር እንደሆነ ግን አላወቅሁም።»

አንለይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ምስኪን ሙላው ራሱ ይቅር ባለው ሰው እጅ የመጣለትን ወተት የእርቅ መጀመሪያ አድርጎ ሳይወስደው አልቀረም።

ዳበሳ የዐዋጢፍን ካቴና ፈቶ አንለይ እጅ ላይ አሰረው። አብይ «ይቅርታ» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ውጭ ያሉት ሰዎች የሚወጣውን ሰው ሲያዩ ዱላቸውን ዝቅ አድርገው መንገድ ለቀቁ።

እየሩስ ወንድሟን አልተከተለችም። ፒንሳውን ከጠረጴዛው አንስታ ለዐዋጢፍ ሰጠቻት።

«እህቴ፣ አፉ ታስሮ አይቀበርብኝ።»

ዐዋጢፍ እጇን ታጠበች። ጋውኗን ለበሰች፤ ከሬሳው ራስጌ ተንበርክካ ከንፈሩን ቀስ አድርጋ ገለጠችና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቆረጠቻቸው። መስኮቱ ክፍት ስለነበር የፒንሳው ድምፅ መኪናው ድረስ ይሰማ ነበር። አንለይ መኪናው ውስጥ ሆኖ አራቱን ቆጠረ። ከዚያ መኪናው ተነሳ።