ያልተነፋው ወናፍ

ማኤስትሮ ኦኖፍሪዮ ላንዛ ከኦርጋኑ ሰገነት ወድቆ፣ አንገቱ ተሰብሮ፣ ቀትር ላይ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ለናፖሊ ቲያትሮች ኦፔራ፣ ለዚች ደብር ቅዳሴ ሲደርስ ኖሮ፣ ከሰፈሩ ውጭ ስሙን የሚያውቅ እምብዛም ነበር።

መርማሪው ዶን ፕላቺዶ ሲደርስ፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ የኦርጋኑን ወናፍ የሚነፋው ቢያጆ እጁን ታስሮ ተንበርክኳል።

«ትናንት ማኤስትሮ በጥፊ አጮሉት፤ ዛሬ ገደላቸው። የሚገባው ገመድ ነው» አሉ የደብሩ ቄስ አባ ሳቬሪዮ።

«ኧረ ጥርስም የሚነቅለው ፂም ላጩ ዘንድ ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ ነበር!» አለ ቢያጆ።

«ፂም ላጩ የአጎትህ ልጅ አይደል? እሱም ምስክር ሆነና!»

ፕላቺዶ በረጅሙ ተነፈሰ። የጠየቀው ሁሉ ስለ ዜማ ያወራለታል፤ ስለ ሬሳው የሚናገር ጠፋ። ዜማ ገልባጩ ኮላ ብቻ አንድ ነገር አመለጠው።

«ለዘፋኙ ለዶን ፌሊቼ የተጻፈውን የኦፔራ ዜማ፣ ማኤስትሮ ቃሉን ለውጠው ለቅዳሴ አደረጉት። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቲያትር ቤት ነበርኩ፤ ሙዚቀኞቹን ይጠይቁ።»

ጠየቀ፤ እውነት ነው። ሁሉንም ከሰገነቱ ሥር ሰበሰባቸው።

«ዶን ፌሊቼ፣ እስቲ ቃልዎን ይድገሙልኝ።»

«ስንቴ ልናገር! ከጠዋቱ ቅዳሴ በኋላ ተሰናብቻቸው ወጣሁ። ደጅ ሆኜ ኦርጋኑን ሲጫወቱ ሰማሁ። በሕይወት ነበሩ።»

«አባ፣ የወናፉን ክፍል ቁልፍ ማን ይይዛል?»

«እኔ። ቢያጆ ሲነፋ ከእጄ ይወስዳል፤ ሲጨርስ ይመልሳል።»

«ከቅዳሴ በኋላስ ወሰደ?»

አባ መቀነታቸውን ዳበሱ። «አይ... እስከ ቀትር ሴት መነኮሳቱ ገዳም ነበርኩ። ከወገቤ አልወረደም።»

«ይህን ሳልጠይቅዎ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት! ዶን ፌሊቼ፣ ሰገነቱ ላይ ይውጡና ኦርጋኑን ይጫወቱልን።»

ዘፋኙ ወጥቶ መታ። እንጨቱ ኳ፣ ኳ አለ እንጂ ኦርጋኑ ትንፍሽ አላለም።

«ነፊ ከሌለ ድምፅ የለም» አለ ፕላቺዶ። «ቁልፉ በአባ ወገብ ላይ ሳለ ማን ነፋው? ማንም። እንግዲህ የሰሙት ኦርጋን የለም። ‹በሕይወት ትቻቸው ወጣሁ› ለማለት ፈጠሩት። አሥር ዓመት እዚህ ሲዘፍኑ፣ ከግድግዳው ጀርባ ሰው እንዳለ ልብ ብለው አያውቁም!»

ፌሊቼ እዚያው ቁጭ አለ። «ሰባት ዓመት ጠበቅኩት፣ ያንን ዜማ። ማኤስትሮ ‹ለእግዚአብሔር ይሻላል› አለኝ። ገፋሁት።»

ቢያጆ ተፈታ። አባ ሳቬሪዮ ይቅርታ እንኳ ሳይሉት፣ «እሁድ የማኤስትሮ ፍታት ነው፤ እንዳታረፍድ» አሉት።

«ቁልፉ እርስዎ ጋ አይደል? ይንፉት» ብሏቸው ወጣ።