ከግድግዳው ማዶ የቀረው ጥያቄ

ሟቹ የተገኘው ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እግሩ እርከኑ ላይ ቀርቶ፣ ዓይኑ ወደ ላይ እንዳፈጠጠ ነበር። ደረቱ ላይ፣ ከሹራቡ በላይ፣ በጥቁር ገመድ የታሰሩ ቁልፎች ተዘርግተዋል።

ሰፈሩ ይህን ሰው «ጓጉንቸር» ነበር የሚለው። መንገድ ዳር ባለው ሱቁ ማጠፊያና ቁልፍ ይሸጣል፤ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ደግሞ ከሚስቱና ከሟች እህቱ ልጅ ጋር ይኖራል፤ መኖር ከተባለ። መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ፣ በሩ ሁሉ ቁልፍ፣ ቁልፉ ሁሉ እሱ አንገት ላይ። ሚስቱ ገበያ የምትሄደው ሲከፍትላት ነው። የእህቱን ልጅ ደግሞ፣ ጭንቀት በርትቶባት ትምህርት ቤት ውስጥ ከወደቀች ወዲህ፣ «አእምሮዋ ተነክቷል፣ ሰው እንዳያያት» ብሎ ፎቅ ላይ ቆልፎባታል። የምትወጣው ለምግብ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ መልሶ ይቆልፍባትና በሯ አጠገብ፣ ደረጃው ራስ ላይ፣ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ትኩስ ወተቱን እየጠጣ ያሸልባል።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ሆና እንዳይመስላችሁ፣ ስለምትወጋ ነው። ገና እግሯ ቤቱን ሲረግጥ ትንፋሽ አጠራት።

«ኧረ መስኮት ክፈቱልኝ! እዚህ ቤት ሰው በምን ይተነፍሳል?»

«አይከፈትም» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። «ወንድሜ በይዶታል።»

«ጉድ እኮ ነው! እንግዲያው በሩን እንዳትዘጉብኝ።»

ወንድምየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ እሁድ እሁድ ለምሳ ይመጣል። ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው።

«ምሳ በላንና እኔ እዚሁ ሳሎን ኳስ ማየት ቀጠልኩ» አለ። «ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ ወንድሜ ወድቋል፤ ልጅቷ ደረጃው ራስ ላይ ቆማለች። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየኋት!»

«ድምፁን እንደሰሙ ወጡ?»

ሹፌሩ አንገቱን አከከ። «ያው... ጎል ገብቶ ነበር።»

«እና?»

«ድጋሚውን አይቼ ነው የወጣሁት።» አፈረ። «ዕቃ የወደቀ መስሎኝ ነው እኮ! ወንድሜ መሆኑን ባውቅ...»

«ሚስቱስ የት ነበሩ?»

«እትዬ ማድ ቤት ነበረች፤ ስጮህ ነው የመጣችው። ልጅቷ ናት ስልዎት! ጤነኛ አይደለችም፤ የእንቅልፍ ክኒን ነው የምትውጠው።»

«ማን ነገረዎት?»

«እትዬ ናታ፤ ባለፈው እያለቀሰች።»

መርፌ ጎንበስ ብላ የሟቹን የሹራብ አንገት ገለጥ አደረገች። ገመዱ ሲያሽ የኖረበት መስመር ቆዳው ላይ ይታያል።

«ቁልፉን እንዲህ ከላይ ነበር የሚያንጠለጥለው?»

«ኧረ በጭራሽ! ከካናቴራው ሥር ነው። እኔን ወንድሙን እንኳ አያሳየኝም ነበር።»

መርፌ ፎቅ ወጣች። ከወንበሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የወተት ብርጭቆ ተቀምጧል፤ አንድ ጉንጭ ብቻ ተጠጥቶለታል። ወተቱ ተበጣጥሶ ከላይ ጓል ጓል ብሏል፤ ከሥሩ ቀጭን ውሃ ቀርቷል። ማድ ቤት ወርዳ ጆጉን ስታይ ግን በውስጡ የቀረው ወተት እንከን የለውም። ተመልሳ ስትወጣ ስለ ወተቱ ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ልጅቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች፤ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንሶላውና የትራስ ልብሱ ንጹሕ ነው፤ የካውያው እጥፋት እንኳ ገና አልጠፋም። መርፌ «ልጄ» ከማለቷ ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ የገፋሁት።»

«ወተቱ ውስጥስ ምን ጨመርሽበት?»

«የምን ወተት?»

«እሱን ተይው። በርሽ ተቆልፎ አልነበረም እንዴ?»

«ዛሬ... መቆለፉን ረሳው።»

ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ያልረሳ ሰው ዛሬ ረሳ። መርፌ ነገሩን በሆዷ ያዘችው። ከአልጋው ፊት ለፊት፣ ክፍሉን ከአጎቷ መኝታ ቤት በሚለየው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የቆመው ቁምሳጥን ገርበብ ብሏል። ከተሰቀሉት ልብሶች ሥር ትራስ፣ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ አየች።

«እዚህ ውስጥ ደግሞ ማን ነው ተከራይቶ የሚኖረው?»

ልጅቷ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «የሥነ ልቦና አማካሪዬን የማወራበት ነው፤ በቪዲዮ። ከቤት መውጣት ለማይችሉ ልጆች የተከፈተ አገልግሎት ነው፤ መምህሬ ናት ያገናኘችኝ። አጎቴ የሒሳብ ትምህርት ይመስለዋል። አማካሪዬ የምትለውን በማዳመጫው እኔ ብቻ እሰማለሁ፤ የኔ ድምፅ ወደ በሩ እንዳይሄድ ደግሞ እዚህ ገብቼ እዘጋዋለሁ።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ጭንቀቱ መጣባት። ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ አየር ሳበች፤ ከዚያ በአውራ ጣቷ የቀሩትን ጣቶቿን ተራ በተራ እየነካች ቀስ ብላ አወጣችው። አልበጅ ሲላት የትራስ ልብሱ ውስጥ እጇን ሰዳ ሰማያዊ ቆርቆሮ አወጣች፤ አንዲት ነጭ ፍሬ ምላሷ ሥር አደረገች።

«የእንቅልፍ ክኒን ናት?»

«ኧረ! ይቅመሷት እስቲ።»

መርፌ ቀመሰቻት፤ ፊቷ ጭምድድ አለ። ጥርስ የሚያንገጫግጭ ኮምጣጣ ከረሜላ ነው።

«ጭንቀቱ ሲመጣ ኮምጣጣው ወደ ራሴ ይመልሰኛል» አለች ልጅቷ። «አማካሪዬ ናት ያስተማረችኝ። አንዷ ካልበቃች ሁለት...» ወደ ቆርቆሮው አየች። ቆርቆሮው ትናንት ሙሉ ነበር፤ አሁን ግማሹ የለም። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደና ወዲያው መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች።

«ማንን ነው የምትደብቂው?»

«ማንንም። እኔ ነኝ አልኩ እኮ! ውሰዱኝ በቃ!»

ከአንዱ ክፍል ወጥታ ሌላ ክፍል ውስጥ ለመታሰር የምትለምን ልጅ መርፌ አይታ አታውቅም። ልጅቷ ቃሏን ካልቀየረች፣ ነገ ክሱን የሚጽፉት ሰዎች እንዳለችው ይጽፉታል፤ ወጣትነቷም እዚያው ያልቃል።

«እኔ ከአንድ ቁልፍ ወደ ሌላ ቁልፍ አልወስድሽም» አለቻት። «ይልቅ አማካሪሽን እንዳነጋግራት ፍቀጂልኝ፤ ካልፈቀድሽላት እሷም አፏን አትከፍትልኝም።»

ልጅቷ ብዙ ካመነታች በኋላ ራሷን ነቀነቀች።

ሚስትየው ማድ ቤት ቆማ የታጠበ ሳህን እንደገና ታጥባለች። ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል፤ እሷ ግን የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ስባዋለች። ውሃ ሲያርሰው እንኳ አልሰበሰበችውም።

«እትዬ፣ አንሶላውን ዛሬ የቀየሩት እርስዎ ነዎት?»

«እሁድ እሁድ ነው የምቀይረው። እነሱ ምሳ ላይ ሳሉ።»

«ባለቤትዎ በልጅቷ ላይ ሲቆልፍ እርስዎን ምን ይልዎት ነበር?»

ሚስትየው ዓይኗን ጨፈነች፤ በአፍንጫዋ አየር ሳበች፤ አውራ ጣቷ ጣቶቿን ተራ በተራ ነካ፤ ትንፋሿ ቀስ ብሎ ወጣ። መርፌ ነገሩ ገባት፤ ስለገባትም አዘነች።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ መነጽር ያደረገች ረጋ ያለች ሴት ከስክሪኑ ታያቸዋለች፤ አማካሪዋ ናት። መርፌ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት አስቀድታ ከቆርቆሮው ከረሜላ እፍኝ ሙሉ ዘገነች። በማንኪያ ጀርባ ፈጭታ ጨመረችና አማሰለችው። ወተቱ እያዩት ተበጣጠሰ።

«የሟቹም ብርጭቆ ይህንኑ ይመስላል» አለች። «መቼም ይህን ያደረገ ሰው ወተቱን ሊያኮመጥጥለት አልነበረም። ሊያስተኛው ነው። የእንቅልፍ ክኒን መስሎታል። ልጅቷ ግን ከረሜላ መሆኑን ታውቃለች፤ ስለዚህ እሷ አይደለችም።»

«እኔ ነኝ የገፋሁት!» ልጅቷ ብድግ አለች።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ። ስለ ወተቱ እንኳ ወሬ አልነበረሽም።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «ክኒን ነው ብለው የሚያምኑት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ እርስዎ ነዎት።»

ሹፌሩ እሳት ጎረሰ። «እኔ?! የገዛ ወንድሜን?!»

«ይረጋጉ፣ አልጨረስኩም። ቆርቆሮው የትራስ ልብስ ውስጥ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ አንሶላ ሲቀይሩ አልታየኝም። ሌላም አለ። ቁልፉ ከአንገቱ ወልቆ ነበር፤ በጥድፊያ የመለሰው ሰው ከሹራቡ በላይ ትቶታል። ጎሉ በድጋሚ እስኪታይ ለዚህ ጊዜ ነበረ። ለመሆኑ እርስዎ ያንን ቁልፍ ቢያገኙ ምን ይከፍቱ ነበር?»

«የቤቱ ካርታ ያለበትን ሣጥን» አለ ሹፌሩ ሳያስበው፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

«አዩ! ሣጥኑ ግን አልተነካም፤ ሱቁም አልተነካም። ቁልፉን ያገኘው ሰው የከፈተው አንድ በር ብቻ ነው፤ የልጅቷን።»

መርፌ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ታዲያ ይህ ሰው የክኒኑን ወሬ ከየት አመጣው? ልጅቷ ለማንም አልተናገረችም። ድምጿ እንዳይወጣ ቁምሳጥን ውስጥ ትገባለች፤ ቁምሳጥኑ ግን የተጣበቀው ከአጎቷና ከሚስቱ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ጆሮውን የጣለ ሰው የእሷን ድምፅ ይሰማል፤ የአማካሪዋን አይሰማም። ‹አንዷን ምላሴ ሥር፣ ካልበቃኝ ሁለት› የሚለውን ይሰማል፤ ከረሜላ መሆኑን አይሰማም። ‹አሁን ሌባ ጣት፣ አሁን መሃል ጣት› እያለች ትንፋሽ ስትለማመድም ይሰማል። እትዬ፣ ቅድም ማድ ቤት ውስጥ የተነፈሱት የእሷን ትንፋሽ ነው።»

ሚስትየው እጅጌዋን ቀስ ብላ ሰበሰበች። አንጓዋ ላይ የጣቶች ምልክት ጠቁሯል።

«ስጠራው አልመለሰልኝም፤ ክኒኑ የያዘው መሰለኝ» አለች። «ቁልፉን አውልቄ በሯን ከፈትኩ። ዞር ስል ነቅቷል። እጄን ያዘኝ፤ ወደ ደረጃው ጎተተኝ። ለማምለጥ እጄን መነጨቅኩት... ወደ ኋላ ደረጃውን ይዞ ሄደ። በቃ፣ ሄደ። ወርጄ ቁልፉን ስመልስለት ልጄ ከላይ አየችኝ። ልናገር ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስንት ዘመን ተቆልፎበት የኖረ አፍ ነው።»

«ለምን ዛሬ?» አለች መርፌ።

«ሐሙስ ዕለት ስታወራ ሰማኋት። ‹ሰኞ ጠዋት በሩ ካልተከፈተስ?› አለች። ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ‹እሺ፣ እስከ ሰኞ እችላለሁ› አለች። ከሰኞ ወዲያስ? በራሷ ላይ አንድ ነገር ታደርጋለች ብዬ ፈራሁ። ሰኞ ከመንጋቱ በፊት ላስወጣት ነበር።»

አማካሪዋ ልጅቷን አየቻት፤ ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች «ንገሪያት» አለች።

«ሰኞ ልንወስድሽ ስንመጣ በሩ ካልተከፈተ ፖሊስ ጠርተን እናስከፍታለን ነበር ያልኳት» አለች አማካሪዋ። «ያለቀሰችውም ስላመነችኝ ነው። ነገ ጠዋት ልንመጣ ነበር።»

ሚስትየው አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ነገ ጠዋት። ያልሰማችው ግማሽ ይህ ነበር። ሹፌሩ እንኳ አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ እንግዲህ መሄዳችን ነው» አለች መርፌ፤ ካቴናዋን ከኪሷ አላወጣችም። «መጀመሪያ ግን ሐኪም እጅዎን ያየዋል። የሆነውን እንደሆነው ነው የምጽፈው፤ የያዘዎትንም እጅ ጭምር።»

ሚስትየው ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ወደ ልጅቷ ዞረች።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ የኔ እናት። ሁልጊዜ ወሬሽን ስትጀምሪ ‹አዎ፣ አንድ አለች፤ ግን እሷም ተቆልፎባታል› ትያለሽ። ስንቴ ሰማሁት። አማካሪሽ የምትጠይቅሽ ምን ብላ ነበር?»

ልጅቷ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«‹እዚያ ቤት ውስጥ የምታምኚው ሰው አለሽ ወይ?› ነው የምትለኝ፣ አክስቴ።»

ሚስትየው ግንባሯን ሳመቻት። ልጅቷ ደገፈቻትና ቀስ እያሉ አብረው በተከፈተው በር ወጡ።