ጥልፍ ያረፈበት እንስራ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል የሚወስደው መንገድ ጭር ብሎ ነበር፤ ያ ክፉ ወረርሽኝ ዓለሙን ሁሉ በየቤቱ ዘግቶት፣ መንግሥትም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አውጆ፣ ታክሲው ሰው በግማሽ ይጭናል፤ ምእመኑም በየደጁ ተራርቆ ይሰግዳል። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው በወይዘሮ ከበደች ግቢ፣ የሃያ አራት ዓመቷ ልጃቸው ኢፍቱ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ አጎቷ ሞቲ ከዴልሂ ደውሎ፣ አባቷ አቶ መገርሳ ማረፋቸውን ነገራት።

አቶ መገርሳ ኩላሊታቸውን ሊያስቀይሩ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ሞቲን ለጋሽ አድርገው በየካቲት ወደ ሕንድ ተሻግረው ነበር፤ የቀዶ ጥገናው ቀን ሳይደርስ አገሩ ተዘጋ፤ አውሮፕላኑም ተቋረጠ። ከዚያ በፊት ግን ታክሞ በሚመለስ ሰው እጅ ለሚስታቸው አንድ የሕንድ ጨርቅ ልከዋል፤ በወፍራም ክር የተጠለፈ፣ የማንጎ ፍሬ የመሰሉ ቅርጾች ጅራታቸውን ጠምዝዘው የሚከታተሉበት። ሌላ ሴት ብትሆን ትለብሰው ወይም አልጋ ታለብሰው ነበር፤ ወይዘሮ ከበደች ግን ሸክላ ሠሪ ናቸው። ጨርቁን በውሃ አርሰው፣ በመዳመጫ በዳመጡት ጭቃ ላይ አነጠፉት፤ በመዳፋቸውም ተጫኑት፤ ሲገልጡት ክሩ የሄደበት መንገድ ሁሉ ጭቃው ላይ ቀርቷል። ያንን ጭቃ ጠቅልለው፣ ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥመው፣ አንገቱንና ከንፈሩን በእጃቸው አበጅተው፣ የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው ጌጠኛ እንስራ አወጡ። "መገርሳ ሲመለስ በር ላይ ይቀበለዋል" ይሉ ነበር፤ ላገኙት ሁሉ።

ኢፍቱ መርዶውን ይዛ ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ ጡረተኛው መቶ አለቃ ታዲዮስ ሮጠች።

«እባክዎ ዛሬውኑ ለእማ ይንገሯት፤ እኔ አልችልም።»

«ፋሲካ ደጅ ላይ ቆሞ መርዶ?» አሉ መቶ አለቃው። «ሰው ምን ይለናል? ደግሞ ወንድሟ ጃለታ ከአምቦ ሳይመጣ ማን ይደግፋታል? መንገዱ እንደሆነ ተዘግቷል። በዓሉ ይለፍ፤ ለእሱም የይለፍ ወረቀት ይገኝለታል። እስከዚያ ዋጥ አድርጊው፣ ልጄ።»

«እኔስ? ለእኔ አባቴ አይደለም እንዴ?»

መቶ አለቃው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ መርዶ በወግ በወጉ ይነገር ብለው ነው እንጂ። አቤት፣ ያ ወግ ያመጣው ጣጣ!

ፋሲካ ገባ። ወይዘሮ ከበደች ከዶሮው ወጥ ጠቅልለው ልጃቸውን አጎረሱ፤ እሷም ዋጠች።

«ምነው ፊትሽ? ላንቺ ጾሙ አልተፈታም እንዴ?» ብለው ሳቁባት።

ማክሰኞ እንስራው ከእሳት ወጣ። አንድ ስንጥቅ የለበትም፤ የጥልፉ መስመር ከአንገት እስከ ታች ሳይቆረጥ ወርዷል። ወይዘሮ ከበደች ጭቃ በጠጣው እጃቸው አፋቸውን ከልለው እልል አሉ።

«አንሺውና ለአባትሽ ላኪለት። ኔትወርኩ ነው እንጂ፣ እሱ እንዲህ ዝም የሚለኝ ሰው አይደለም።»

ኢፍቱ በእናቷ ስልክ ፎቶውን አንስታ ላከች። ለማን እንደላከች እያወቀች ላከች። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ እናት ስልኩን ከጉልበታቸው ላይ አላነሱም፤ ደስታቸው እየደበዘዘ ሄደ። ይህን ማየት ቢያቅታት ልጅቷ ከአጥሩ ጀርባ ሄዳ ደወለች።

«ጋሼ ሞቲ፣ የአባዬ ስልክ እጅህ ላይ ነው አይደል? አንድ ቃል ጻፍላት።»

«ኢፍቱዬ፣ ይሄ ነውር ነው።»

«ጋሽ ጃለታ ሐሙስ ይደርሳል። ሁለት ቀን ነው የቀረው። በእኔ ይሁን።»

መልእክቱ መጣ፤ «ከቢዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ጨርቁ ራሱ እንዲህ አያምርም» ይላል። ወይዘሮ ከበደች ሦስቴ አነበቡት፤ ስልኩን ሳሙት፤ ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ማርያማዊት በአጥር በላይ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። መርዶውን ከእድሩ የሰሙት ወይዘሮ ማርያማዊት «እሰይ» ብለው ገቡ።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ጃለታና የእድሩ ሽማግሎች አፋቸውን ሸፍነው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ተራርቀው ግቢው ውስጥ ቆሙ። ወይዘሮ ከበደች በሩን ከፈቱ፤ ማንም ቃል ሳይናገር ገባቸው። ጃለታ ዐዋጁንም ወረርሽኙንም ረስቶ አቀፋቸው። ብዙ አለቀሱ፤ ከዚያ ቀና ብለው፣

«መቼ?» አሉ።

«የሕማማት ረቡዕ» አሉ መቶ አለቃው።

ልቅሶው ቀጥ አለ።

«ማክሰኞ ጽፎልኛል እኮ።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ነኝ እማ» አለች ኢፍቱ። «ጋሼ ሞቲን ለምኜ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እናት አልጮኹም፤ እጃቸውንም አላነሱም። «ባሌ በሞተ በሰባቱ እልል አስባልሽኝ» አሉ ብቻ።

የዚያን ዘመን ታሪክ በቁጥር ተመዝግቧል፤ ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንት ሰው ሞተ፣ በየማታው ይነገር ነበር። አቶ መገርሳ የሞቱት በኩላሊታቸው እንጂ በወረርሽኙ አልነበረምና ሕንድም አልቆጠረቻቸው፤ አገራቸውም አልቆጠረቻቸው። እንስራው በኋላ ለአውደ ርዕይ ቆሞ፣ ከሥሩ «በሕንድ ጥልፍ መነሻነት በእጅ የተሠራ» ተብሎ ተጻፈበት፤ ያየው ሁሉ አደነቀ። ስለ ባልና ሚስቱ የጠየቀ የለም።

በዚያ ቤት ግን አንድ ነገር ተበላሽቶ ቀረ። ወይዘሮ ከበደች አርባው ሳይወጣ ጀምረው የባላቸውን መልእክቶች ወደ ኋላ እየገለጡ፣ የየካቲቱን፣ የመጋቢቱን፣ አንድ በአንድ ለልጃቸው ያሳዩ ነበር።

«ይሄስ? ይሄ የሱ ነው?»

«የሱ ነው እማ።»

«ማይልኝ።»

ኢፍቱ ልትምል አፏን ከፈተች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው መሐላ አንድ ብቻ ነበር፤ «አባቴ ይሙት»። አፏን መልሳ ዘጋች፤ እናቷም አለመማሏን አይተው ስልኩን አጠፉት።