በይርገዱ ስም የጠፋው ድምፅ

«ድምፁን ቀዳኸው?»

አያልነህ ይህን የጠየቀው ፊቱን ወደ ሩዝ መፈልፈያው አዙሮ ነው። ማሽኑ ጆሮ ያደነቁራል፤ ቦታውን የመረጡትም ለዚሁ ነው። ላያቸው ሰው ሁለቱም ሩዝ ሊያስፈለፍሉ ተራ የሚጠብቁ ናቸው።

«ቅዳ አልተባልኩም» አለ ሰንበሌጥ። «ከበላይ አጥፋ ነው የተባልኩት።»

«መጀመሪያ ቅዳ። ከዚያ አጥፋ።»

«ሰውየውስ?»

«እሱን ለእኛ ተወው።»

ሰንበሌጥ የስለላ ስሙ ነው። ወረታ ከተማ የምታውቀው ሀይለየሱስ ብላ ነው፤ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ኮምፒውተር ጠጋኝ። 2008 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ቢሮው ገበሬው ስለ ጎርፍና ስለ ሩዝ ዋጋ በስልክ ድምፁን የሚተውበት ፕሮግራም ይሠራል። የደህንነት ሰዎች ገበሬው ምን እንደሚል ማወቅ ፈለጉ። እሱን ላኩት፤ አለቃው አያልነህ ነው።

ከድምፆቹ አንዱ የአዛናው ነው። ደዋዮች ስማቸውን እንዳይናገሩ ተነግሯቸው ነበር። አዛናው ግን ወግ አጥባቂ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ዋላችሁ? ቤቱ፣ ከብቱ ደህና ነው? እኔ አዛናው ነኝ፣ የቁሐር ሚካኤሉ። ስም አትጥራ ብላችሁኝ ነበር። ስሙን ደብቆ የሚከስ ደግሞ ምን ወንድ ነው!»

ከዚያ የገበሬ ማሳ ቆርሶ ለዘመዱ የሰጠውን ሹም አብጠለጠለው። በዚያ ክረምት እንዲህ ያለ ቃል እስር ቤት ያስገባ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ፕሮግራሙን የምትጽፈው ይርገዱ ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣች። ለሙከራ ብላ ድምፁን ሳታዳምጥ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ከሚቀመጥበት የኮድ ማከማቻ ጨመረችው። ስትሰማው ደንግጣ ሰረዘችው።

«ሀይሌ፣ ተገላገልን» ብላው ነበር።

አልተገላገሉም። የኮድ ማከማቻ ቂመኛ ነው፤ የትናንቱን ሁሉ ይዞ ይቆያል። ላዩን ቢሰርዙትም የድሮው ቅጂ ከሥር አለ። አያልነህ የፈለገውም እሱን ነው። እሱን ካገኘ አዛናው አለቀለት።

ሰንበሌጥ ከመፈልፈያው በቀጥታ ቢሮ ገባ። ይርገዱ ምሳ ወጥታለች። ላፕቶፗን ከፈተ። የይለፍ ቃሏን ያውቀዋል፤ ሲጠግንላት ራሷ ነግራዋለች።

አልቀዳም።

ድምፁ ከገባበት ቀን ጀምሮ የኮዱን ታሪክ እንደ አዲስ አስጻፈው፤ ድምፁ የሌለበት ታሪክ። ማከማቻው ያለበት ሰርቨር ላይ፣ በድሮው ታሪክ ምትክ በግድ ጫነው።

በረንዳው ላይ የእግር ኮቴ።

የላፕቶፑን ክዳን ገጠም አደረገ።

ኮቴው አለፈ።

በሷ ላፕቶፕና በራሱ ኮምፒውተር የቀረውን ትርፍራፊ ጠረገ። ሌላ ቅጂ የለም።

ሰርቨሩ ግን ለውጡን የጫነውን ሰው ይመዘግባል። «ይርገዱ» ይላል። በራሱ ኮምፒውተር መሥራት ይችል ነበር፤ አልሠራም። የሰላይ ልማድ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ። አልሆነለትም። ፈርቶ ነው እንጂ፤ ፈርቶ ሴቲቱን ከፊቱ አቆማት።

በማግስቱ አያልነህ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ሀይለየሱስን እንደማያውቅ ሆነ።

«ድምፁን ያጠፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ይርገዱ ሳታመነታ። የሚጠይቋት ስለ መጀመሪያው ስረዛ መስሏታል። «በስህተት ገብቶ ነው። ሀይሌ ያውቃል፤ እሱን ጠይቁት።»

አያልነህ ወደ እሱ ዞረ። «አንተ፣ ምን ታውቃለህ?»

«እኔ ነኝ» ማለት ይችል ነበር።

«ሰርቨሩ ላይ ያለው የሷ ስም ነው» አለ።

ክንዷን ሲይዟት እንኳ ነገሩ አልገባትም። ከመኪናው በር ላይ ዞር ብላ አየችው።

«ሀይሌ፣ ላፕቶፔን አደራ።»

«እሺ» አላት።

አያልነህ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ እጁን ዘረጋ። «ላፕቶፑን።»

ሰጠው።

አዛናው በኅዳር ሩዙን አጨደ። ማን እንዳዳነው፣ ማን እንደታሰረለት አላወቀም። ሰንበሌጥ ይህን እያሰበ ሊጽናና ይሞክራል፤ አዛናውን ባሰበ ቁጥር ግን የምትመጣበት ይርገዱ ናት፤ ያፍራል።

በጥር ሌላ ከተማ ሌላ ስም ሰጡት። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ከኋላው «ሀይሌ!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማ። ልጇን ነበር የምትጣራው። አልዞረም። ፊቱ እስከ ጆሮው ግሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቀለ።