ያልጠራሁት ስም

ልጅ ሳለሁ ስሙን እንዳሻኝ እጠራው ነበር። የምሸጠውን ፉራ፣ በወተት የተበጠበጠውን የእህል መጠጥ፣ በቅል ተሸክሜ፣ ካኖ ከተማ ካለው የጨርቅ ማቅለሚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ወጣቱን ቀለም ነካሪ እጣራለሁ።

«አቤት፣ ካንዴ!» ይለኛል፣ እስከ ክርኑ ሰማያዊ የሆነ እጁን እያነሳ። «ዛሬም ወተቱን በውሃ በረዝሽው?»

«ካልጣመህ ቀለምህን ጠጣ!»

ሰው ይስቃል። እኔ ግን እሱ የጠጣበትን ቅል ሳላጥበው የማሳድርበት ቀን ነበር።

አንድ ቀን ቅሉን ሲመልስልኝ ጣቱ ጣቴን ነካ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከአፌ አልወጣ አለ። እኛ ሃውሳዎች ዘንድ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ነውር ነው። እኔን ደግሞ ማንም ሳያጨኝ ልቤ ቀድሞኝ አግብቶ ነበር።

ለካ የኮላ ፍሬ ነጋዴው አልሃጂ ላዋል የማጫ ኮላ አስይዞ ሽማግሌ ልኮ ኖሯል። የዚያ የባለ ቀለሙም አክስት መጥታ ጠይቃለች። አባቴ ያዘነበለው ወደ ላዋል ነው። ሴት ልጅ «እገሌን እወዳለሁ» ብላ አፏን አትከፍት ነገር፣ ጭንቅ ያዘኝ።

አንድ ከሰዓት አባቴ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠራኝ።

«ዛሬ ፉራሽን ማን ማን ጠጣ?»

«አንጥረኛው ሹአይቡ፣ ማላም ኢሮ፣ አልሃጂ ላዋል...»

«ሌላስ?»

«ሌላ... ያ ሰውዬ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ጉድጓዱ ጋ ያለው።»

«ስም የለውም እንዴ? አምና በስሙ ሰፈሩን ስታደነቁሪ አልነበር?»

በሻሼ ፊቴን ሸፈንኩ። አባቴ አየኝና ሳቁን ለቀቀው።

«የላዋልን ኮላ መልሱለት!» አለ ለእናቴ። «ይቺ ልጅ አግብታ ጨርሳለች።»

አርባ አንድ ዓመት «አንቱ»፣ «የቤቱ ጌታ» እያልኩት ኖርን። አንዳንዴ ያሾፍብኛል።

«እስቲ አንዴ ብቻ፣ እንደ ጥንቱ ጥሪኝ።»

«ኧረ ይተዉኝ፣ ሰው ይሰማል!»

ታሞ የተኛ ጊዜም ለመነኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ምራቶቼ ደጅ ተቀምጠዋል። አፈርኩ። «ነገ» አልኩት። ነገን አላየም።

የሐዘን ወራቴን ስጨርስ በጠራራ ፀሐይ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። አፉ ላይ ቆሜ ባለ በሌለ ድምፄ ተጣራሁ።

«ታንኮ!»

ቀለም ነካሪዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። እኔ ግን «አቤት» እስኪለኝ ቆሜ ጠበቅሁ።